ዩኒቨርስቲው በሰው ሠራሽ አስተውሎት ሲያቅድ ነጋዴው ምን ይጠበቅበታል?

በየትኛውም አገር ቢሆን ዩኒቨርስቲ በተተከለበት ከተማ ዙሪያ ንግድም አብሮ ይተከላል። ተማሪ ይበላል፥ ይለብሳል፥ ይጽፋል፥ ልብሱን ያጥባል፤ መምህር ቤት ይከራያል፤ አዲስ ሕንፃ ሲጀመር ሲሚንቶና ብረት ይፈለጋል። ስለዚህ የዩኒቨርስቲ ዕቅድ የመምህራን ጉዳይ ብቻ ሆኖ ሊታይ አይገባውም። በወልድያ፥ በመርሳና በሐራ ለምንነግድ ሰዎች የዩኒቨርስቲው ዕቅድ ማለት ስንት ብርድ ልብስ፥ ስንት ደርዘን ደብተርና ስንት ኩንታል ጤፍ ማስጫን እንዳለብን የሚወስን ነገር ነው።

አሁን ደግሞ ይህ ዕቅድ የሚወጣበት መንገድ በዓለም ሁሉ በመለወጥ ላይ ይገኛል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት እየተባለ የሚጠራው ጥበብ ከሊቃውንት ቤተ ሙከራ ወጥቶ ወደ ዩኒቨርስቲዎች የዕቅድና የበጀት ክፍል መግባት ጀምሯል። ስለዚህም ይህ ጥበብ ምን እንደሆነ፥ ለዩኒቨርስቲ ዕቅድ የሚሰጠው ጥቅም ምን እንደሆነ፥ የት ላይ እንደሚያሳስትና እኛ ነጋድያን ምን ማድረግ እንደሚገባን ለውድ አንባቢያን በአጭሩ ለማቅረብ አስቤአለሁ። እኔ የዩኒቨርስቲ ሊቅ አይደለሁም። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ጨርሼ በሐራ ከተማ የአንድ ነጋዴ ጸሐፊና መዝገብ ያዥ በመሆን ከ20 ዓመት በላይ የሠራሁ ሰው ነኝ። ነገር ግን ስለ ዕቅድና ስለ ስሕተት መዝገብ ያስተማረኝ ነገር ስላለ ከዚያው እጀምራለሁ።

ከመዝገብ የወጣ ስሕተት

ዘመኑ 2015 ዓ. ም. ነበር። በታኅሣሥ ወር አሠሪዬ ሐጂ ጠርተውኝ አዲስ ተማሪዎች ወደ ወልድያና ወደ መርሳ ሲገቡ ምን ያህል ዕቃ ማስመጣት እንደሚገባን አጥንቼ እንዳቀርብላቸው አዘዙኝ። እኔም ከጦርነቱ በፊት የነበሩትን የ5 ዓመታት መዝገቦች አውጥቼ፥ በየዓመቱ ተማሪ በሚገባበት ሰሞን የተሸጠውን ደምሬ፥ ጭማሪውን አስልቼ 300 ብርድ ልብስ፥ 250 አንሶላና 600 የሣጥን ቁልፍ እንዲገዛ በጽሑፍ አቀረብሁ። ሐጂም ወረቀቱን አይተው ፈረሙ፤ ዕቃውም ከአዲስ አበባ ተጭኖ ገባ።

በጥር ወር የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ተገለጠ። ፈተናውን ከወሰዱት ወደ 897 ሺህ ከሚጠጉ ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ወደ 30 ሺህ የሚጠጉ፥ ማለት 3.3 ከመቶ ብቻ ሆኑ። ፈተናው ከዚያ ቀደም በየትምህርት ቤቱ ይሰጥ የነበረው ቀርቶ በዩኒቨርስቲዎች ግቢ በጥብቅ ቁጥጥር የተሰጠ በመሆኑ፥ የማለፊያውም ነጥብ 50 ከመቶ እንዲሆን በመወሰኑ፥ የቀድሞው ልማድ ሁሉ በአንድ ቀን ተለወጠ። መንግሥትም ውጤታቸው ወደ ማለፊያው ለቀረበ ተማሪዎች በዩኒቨርስቲዎች የማካካሻ ትምህርት እንዲሰጥ አደረገ። ሆኖም ተማሪዎቹ የመጡት እኔ ባሰብሁት ጊዜ አልነበረም፤ ቁጥራቸውም እኔ ያሰብሁት አልነበረም። በሚቀጥለው ዓመት መግቢያ መጋዘኑን ስንቆጥር ከብርድ ልብሱ ከግማሽ የሚበልጠው እንደ ታሰረ ቁጭ ብሎ ነበር። በዚያ ገንዘብ ልንገዛው እንችል የነበረውን እህል ሌላው ነጋዴ ገዝቶ አተረፈበት።

አፍሬ ከሐጂ ፊት ስቆም አልተቆጡኝም። «ልጄ፥ መደመሩን አልተሳሳትህም። መዝገብ ያለፈውን ያውቃል፤ የሚመጣውን የሚያውቅ አላህ ነው። አንተ ግን የትምህርት ሚኒስቴር ምን እንዳሰበ ጠይቀህ ነበርን?» አሉኝ። አልጠየቅሁም ነበር። ይህ ጥያቄ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ለመመርመር ለሚፈልግ ሁሉ ጥሩ መነሻ መስሎ ስለ ታየኝ እነሆ አቀረብሁት።

ጥበቡ ምንድን ነው?

ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚለው ስም ለመጀመሪያ ጊዜ የታወቀው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1956 በአሜሪካ አገር በዳርትመዝ ኮሌጅ በተደረገ የሊቃውንት ጉባኤ ምክንያት ነው። ስለዚህ አሳቡ የትናንት አይደለም። ሕዝብ ሁሉ በእጁ ሊነካው የቻለው ግን በዚያው አቆጣጠር በኅዳር 2022 ቻት ጂፒቲ የተባለው ለጥያቄ በጽሑፍ መልስ የሚሰጥ መሣሪያ ከወጣ በኋላ ነው።

ለእኛ ሥራ እንዲመች አድርገን ብንከፍለው መሣሪያው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ብዙ ቁጥር አይቶ የሚመጣውን ቁጥር የሚገምት ነው። ሁለተኛው ብዙ ጽሑፍ አንብቦ ጽሑፍ የሚያጠቃልልና የሚያዘጋጅ ነው። የመጀመሪያው እንደ መዝገብ ያዥ፥ ሁለተኛው እንደ ደብዳቤ ጸሐፊ ሊቆጠር ይችላል። የሁለቱም ዕውቀት የሚመነጨው ቀድሞ ከታየ ነገር ነው።

አንድ የሐራ ባለሱቅ በረመዳን መግቢያ ቴምርና ስኳር እንደሚፈለግ ያውቃል። ይህን ያወቀው ብዙ ጊዜ ስላየ ነው። መሣሪያውም የሚሠራው እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ ባለሱቁ ያየው የ10 ወይም የ20 ዓመት ገበያ ሲሆን መሣሪያው በመቶ ሺህ የሚቆጠር መስመር በአንድ ጊዜ መመልከት መቻሉ ነው። ነገር ግን ረመዳን በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን ያህል ወደ ፊት ቀድሞ ይገባል። የሽያጩን ወር ብቻ ጽፈን ምክንያቱን ሳንጽፍ ለመሣሪያው ብንሰጠው፥ ባለፉት ዓመታት ቴምር በሚያዝያ ተሸጧል ብሎ ዘንድሮም ለሚያዝያ አስመጡ ሊለን ይችላል። ባለሱቁ ግን ምክንያቱን ስለሚያውቅ አይሳሳትም። ከዚህ የምንረዳው መሣሪያው ቁጥር ብቻ ሳይሆን የቁጥሩ ምክንያት ጭምር ሊሰጠው እንደሚገባ ነው።

ለዩኒቨርስቲ ዕቅድ የሚሰጠው ጥቅም

የዩኒቨርስቲ የዕቅድ ክፍል ከትልቅ የንግድ ቤት ጋር ይመሳሰላል። ስንት ተማሪ እንደሚመጣ፥ ከእነዚህም ስንቱ በየትኛው የትምህርት ክፍል እንደሚመደብ፥ ስንት አልጋ፥ ስንት የመማሪያ ክፍልና ስንት መምህር እንደሚያስፈልግ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ይህን ሁሉ በእጅ ማስላት ብዙ ሳምንት ይፈጃል። መሣሪያው ግን መረጃው በሚገባ ከቀረበለት በጥቂት ጊዜ ውስጥ ልዩ ልዩ ሁኔታዎችን አስልቶ፥ ተማሪው ቢበዛ እንዲህ ይሆናል፥ ቢያንስ እንዲህ ይሆናል ብሎ ያሳያል።

ሁለተኛው ጥቅም የግዢ ዕቅድ ነው። የዩኒቨርስቲ ማእድ ቤት በየዕለቱ የሚፈልገው ጤፍ፥ ምስር፥ ዘይት፥ ሽንኩርትና ማገዶ የነጋዴው ዋና ገበያ ነው። ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ የሚመደበው በጀት በ2017 ዓ. ም. ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ማለቱ ይህ ገበያ ምን ያህል እንደ ሰፋ ያመለክታል። ፍጆታው በየዕለቱ ቢመዘገብና መሣሪያው ቢያሰላው፥ ዕቃ በመጋዘን አይበላሽም፤ በችኮላ በውድ ዋጋም አይገዛም፤ አቅራቢውም የሚያቀርብበትን ቀን አስቀድሞ ያውቃል።

ሦስተኛው ጥቅም ትምህርቱ ወደ ኋላ የቀረበትን ተማሪ ከመውደቁ በፊት መለየት ነው። በዚህ በኩል ስሙ የሚጠቀሰው በአሜሪካ በአትላንታ ከተማ የሚገኘው የጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርስቲ ነው። ይህ ዩኒቨርስቲ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2012 ጀምሮ ከ800 የሚበልጡ የአደጋ ምልክቶችን በየዕለቱ በመሣሪያ ይከታተላል። ምልክት ሲታይ የምክር ሠራተኛ ተማሪውን ጠርቶ ያነጋግረዋል። ትምህርታቸውን በ6 ዓመት ውስጥ የሚፈጽሙት ተማሪዎች በ2003 ከመቶ 32 የነበሩት በ2014 ከመቶ 54 ደረሱ። ነገር ግን ይህ ሁሉ በመሣሪያው ብቻ አልተገኘም። ዩኒቨርስቲው ብዙ የምክር ሠራተኞች ቀጥሯል፤ ጥቂት ገንዘብ ጎድሎባቸው ከትምህርት ሊሰናበቱ ለተቃረቡም ተማሪዎች ያንን ጥቂት ገንዘብ እየሞላ አስቀርቷቸዋል። መሣሪያው ጠቆመ እንጂ ሥራውን የሠራው ሰው ነው።

አራተኛው ጥቅም የትምህርት ዓይነቶችን ከአካባቢው ሀብት ጋር ማገናኘት ነው። በመርሳ የዩኒቨርስቲው የግብርና ትምህርት ይሰጣል፤ በመርሳና በወልድያ መካከልም የሥሪንቃ የግብርና ምርምር ማእከል ይገኛል። የሐብሩ ወረዳ ቆላ ማሽላና ማሾ፥ የመርሳም አካባቢ ፍራፍሬ የታወቀ ነው። የምርት፥ የዝናብና የገበያ ዋጋ መረጃ በአንድነት ቢጠና፥ ዩኒቨርስቲው ለመጪው 10 ዓመት ምን ዓይነት ባለሙያ ማፍራት እንዳለበት በግምት ሳይሆን በማስረጃ ሊወስን ይችላል። ማሾ ወደ ውጭ የሚልክ ነጋዴ ጥራት መርማሪና የማሸጊያ ባለሙያ ይፈልጋል፤ ይህን ፍላጎቱን ግን እስካሁን በጽሑፍ የጠየቀው የለም።

በአገራችን የተጀመረው

መንግሥት የኢትዮጵያ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩት የተባለውን መሥሪያ ቤት፥ መጀመሪያ ማእከል በሚል ስም፥ በ2012 ዓ. ም. አቋቁሟል። በሰኔ ወር 2016 ዓ. ም. ደግሞ የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ብሔራዊ ፖሊሲን አጽድቋል። የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርስቲ ለዚህ ጥበብና ለሮቦት ሥራ የልህቀት ማእከል አቋቁሟል። ዩኒቨርስቲዎቻችን እርስ በርስ የሚገናኙበት የኢትዮጵያ የትምህርትና የምርምር መረብ የሚባል መሥመርም አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ በ2015 ዓ. ም. መጨረሻ ራሱን በራሱ እንዲያስተዳድር በሕግ ከተፈቀደለት ወዲህ፥ ገቢውንና ወጪውን፥ የተማሪውንም ቁጥር አስልቶ የማቀድ ኀላፊነት ይበልጥ በራሱ ላይ ወድቋል። ሌሎቹም ዩኒቨርስቲዎች በዚሁ መንገድ እንዲከተሉ የመንግሥት አሳብ መሆኑ ሲነገር ቆይቷል። እንግዲህ ዕቅድ እንደ ቀድሞው በአዲስ አበባ ተቆርጦ የሚላክ ሳይሆን እያንዳንዱ ዩኒቨርስቲ በራሱ መዝገብ ላይ ተመሥርቶ የሚያወጣው ነገር ወደ መሆን እየሄደ ነው።

የወልድያ ዩኒቨርስቲ ሥራ የጀመረው በ2004 ዓ. ም. ነው። ዕድሜው ገና ለጋ ሳለ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ. ም. ከተማው በጦርነት ተይዞ በቆየበት ጊዜ ከባድ ዝርፊያና ጥፋት ደርሶበታል። በሐምሌ መጨረሻ 2015 ዓ. ም. ደግሞ በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔትም ለብዙ ወራት ተቋርጦ ቆየ። ይህን የማነሣው ቁስል ለመቀስቀስ አይደለም። አዲሱን መሣሪያ ወደ ዕቅድ ክፍል ለማስገባት የሚያስብ ሰው ሁሉ አስቀድሞ ሊቆጥረው የሚገባ ነገር ስለሆነ ነው። መረጃው ሁሉ በሩቅ አገር ተቀምጦ በኢንተርኔት ብቻ የሚገኝ ከሆነ፥ መሥመሩ በተቋረጠ ቀን የዕቅድ ክፍሉ ዓይኑ ይጠፋል። ስለዚህ የመዝገቡ ቅጂ በቅርብ፥ ሌላው ቅጂም በሌላ ከተማ መቀመጥ ይኖርበታል። እኛ ነጋድያን በጦርነቱ ጊዜ የዱቤ መዝገቡ የተቃጠለበት ሰውና መዝገቡን ቀብሮ ያቆየ ሰው ከዚያ በኋላ እንዴት እንደ ተለያዩ በዓይናችን አይተናል።

መሣሪያው የሚያሳስትባቸው መንገዶች

የመጀመሪያው፥ ትናንትን ነገ አድርጎ ማየቱ ነው። የ2015ቱ የፈተና ውጤት በቀደሙት ዓመታት መዝገብ ውስጥ ምልክት አልነበረውም። በቀጣዩ ፈተና 3.2፥ ከዚያም 5.4፥ በ2017 ዓ. ም. ደግሞ 8.4 ከመቶ አልፈዋል። አሁን እነዚህን አራት ቁጥሮች አሰልፎ የሚቀጥለውን መገመት ይቻል ይሆናል፤ የመጀመሪያውን ግን የትኛውም መሣሪያ ከቁጥር ብቻ ሊያውቀው አይችልም ነበር። ያንን ሊያውቅ ይችል የነበረው ፈተናው እንዴት እንደሚሰጥ የጠየቀ ሰው ነው። የሐራ ሕዝብ ይህን ትምህርት በባቡሩም ተምሮታል። ያፒ መርኬዚ በተባለው የቱርክ ኩባንያ ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል እስከ ሐራ ገበያ የሚዘረጋው ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚሆን ሐዲድ በ2007 ዓ. ም. ሲጀመር፥ ከመቀሌ የሚመጣውም ሐዲድ በዚሁ በሐራ እንዲገናኘው ታቅዶ ነበር። ብዙ ሰው የዕቅዱን ቀን ተማምኖ መጋዘን ሠራ፤ ቦታም ገዛ። ሐዲዱ ግን በታቀደው ቀን ለአገልግሎት ሳይበቃ ቀረ፤ ጦርነቱም ተጨማሪ ጉዳት አደረሰበት። ዕቅዱ በሚገባ የተሰላ ነበር፤ ስሌቱ ውስጥ ያልገባው ነገር ግን ከስሌቱ በረታ።

ሁለተኛው፥ ሰውን በወገኖቹ ውጤት መመዘኑ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2020 በኮሮና በሽታ ምክንያት በእንግሊዝ አገር የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና ሳይሰጥ በቀረ ጊዜ፥ የተማሪዎቹ ውጤት በስሌት እንዲተመን ተደረገ። ስሌቱ የየትምህርት ቤቱን ያለፉ ዓመታት ውጤት የሚመለከት ስለ ነበረ፥ ወደ 40 ከመቶ የሚጠጋው ውጤት መምህራኑ ከገመቱት ዝቅ ብሎ ተገኘ። ቀድሞ ዝቅተኛ ውጤት ባሳየ ትምህርት ቤት የተማረ ጎበዝ ልጅ በታላላቆቹ ስንፍና ተቀጣ። ሕዝቡ ስለ ጮኸ መንግሥት በጥቂት ቀን ውስጥ ውጤቱን ሽሮ የመምህራኑን ግምት ተቀበለ። ይህ ነገር ወደ እኛ ቢመጣ ምን ሊሆን እንደሚችል አንባቢ ይመርምር። የሐብሩ ልጆች በጦርነት ዓመታት ትምህርታቸው ተቋርጦባቸዋል። የእነዚያን ዓመታት ውጤት ብቻ አይቶ፥ ከዚህ አካባቢ የሚመጣ ተማሪ የመውደቅ ዕድሉ ብዙ ነውና ለእርሱ የሚመደበው ይቀነስ የሚል ምክር ከመሣሪያ ቢወጣ፥ የተጎዳውን ሁለተኛ መጉዳት ይሆናል። ይኸው ምክር በቅን አሳብ ሲነበብ ግን፥ ለእነዚህ ልጆች ተጨማሪ ትምህርት ይሰጣቸው ማለት ይሆናል። ቁጥሩ አንድ ነው፤ ውሳኔው ግን የሰው ነው።

ሦስተኛው፥ ቋንቋችንንና የዘመን አቆጣጠራችንን አለመልመዱ ነው። እነዚህ መሣሪያዎች በብዛት የተማሩት በእንግሊዝኛ በተጻፈ ነገር ስለሆነ የአማርኛ ዕውቀታቸው ገና የጎደለ ነው። በ2018 ዓ. ም. መጀመሪያ እኔ ራሴ በስልክ ከሚገኙት መሣሪያዎች አንዱን የተበዳሪዎቻችንን የመክፈያ ቀን በሠንጠረዥ እንዲያሰናዳልኝ አዝዤው ነበር። ጥቅምት 2018 የሚለውን እንደ አውሮፓ ዘመን ቆጥሮ ዕዳው ሁሉ 7 ዓመት እንዳለፈበት አድርጎ ጻፈ፤ ጳጉሜንንም ጨርሶ ዘለላት። ከሠንጠረዡ ጋርም ለደንበኞቻችን የሚላክ ጥሩ አድርጎ የተጻፈ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አዘጋጀልኝ። ሳላነብብ ልኬው ቢሆን ኖሮ ከ20 ደንበኞች ጋር ያጣላኝ ነበር። ዩኒቨርስቲያችን የዘመን መግቢያው በመስከረም፥ የበጀት ዓመቱ ግን ከሐምሌ 1 ቀን የሚጀምር፥ የውጭ ግዢው ደግሞ በአውሮፓ ቀን የሚጻፍ በመሆኑ ይህ ስሕተት በእርሱም ላይ ሊደርስ እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

አራተኛው፥ ደብዳቤ ጸሐፊው መሣሪያ የሚያመጣው አደጋ ነው። የ5 ዓመት ዕቅድ ጻፍልኝ ቢሉት ወዲያው ያማረ ዕቅድ ይጽፋል። ነገር ግን ያ ዕቅድ የሌሎች ዩኒቨርስቲዎች ዕቅዶች ድምር እንጂ ወልድያን፥ መርሳንና ሐራን የሚያውቅ አይደለም። ሁሉም በዚሁ መንገድ ቢያጽፍ ከ40 የሚበልጡት የመንግሥት ዩኒቨርስቲዎቻችን ሁሉ አንድ ዓይነት ዕቅድ ይዘው ይገኛሉ። ያማረ ማሸጊያ ውስጥ የተቀመጠ ባዶ ዕቃ ደንበኛን አንድ ጊዜ ያታልላል፤ ሁለተኛ ጊዜ ግን አያታልልም።

የዋጋውና የምሥጢሩ ነገር

የውጭ ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ. ም. በገበያ ዋጋ እንዲሆን ከተወሰነ በኋላ፥ አንድ የአሜሪካ ዶላር ወደ 57 ብር ገደማ ከነበረበት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ እንደ ወጣ አስመጪዎቻችን አይረሱትም። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልጉት ኃይለኛ ኮምፒዩተሮችና በየወሩ የሚከፈልባቸው የውጭ አገልግሎቶች ሁሉ በዶላር የሚታሰቡ ናቸው። ስለዚህ ዩኒቨርስቲው ከማንም በፊት ሊጠይቅ የሚገባው የትኛው መሣሪያ ይበልጣል ብሎ ሳይሆን የትኛው ሥራ በቀላል መሣሪያ ሊሠራ ይችላል ብሎ ነው። የማእድ ቤት ፍጆታን ለማስላት የተለመደው ኮምፒዩተርና በሚገባ የተያዘ መዝገብ ይበቃል። አስመጪዎቻችንም ኮምፒዩተር ከመሸጥ ጋር የኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያውን፥ ባትሪውን፥ መለዋወጫውንና ጠጋኙን አብረው ቢያቀርቡ ትርፉ የሚዘልቅ ይሆናል።

ምሥጢርን በሚመለከት፥ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የተማሪ ውጤት፥ የቤተሰቡ ኑሮ፥ የጤናው ሁኔታ እንደ ገበያ ዋጋ በአደባባይ የሚነገር አይደለም። እንደዚሁም ነጋዴ ለጥናት መረጃ ሲሰጥ የደንበኞቹን ስም ሳይሆን ጠቅላላ ድምሩን መስጠት ይገባዋል። የዱቤ መዝገብ የሰው ገመና ነው።

ነጋዴው ምን ያድርግ?

አንደኛ፥ የንግድ ምክር ቤታችን ዩኒቨርስቲው የሚቀበለውን የተማሪ ቁጥር በአንድ ቁጥር ሳይሆን በሦስት፥ ማለት ቢያንስ፥ ቢጠበቅና ቢበዛ ብሎ፥ ከሚገቡበት ቀን ግምት ጋር በየዓመቱ አስቀድሞ እንዲያስታውቅ በትሕትና ይጠይቅ። ቁጥሩ ሲለወጥም ለውጡ ከነምክንያቱ ይነገር። መሣሪያው ይህን ለማዘጋጀት ጊዜ አይፈጅበትም፤ ለባለሱቁ ግን ከኪሳራ የሚያድን ነው።

ሁለተኛ፥ ዕቅድ በሚዘጋጅበት ጊዜ ነጋድያን እንዲጠየቁ ያስፈልጋል። ስንጠየቅ የምንሰጠው መልስ ደግሞ ከመዝገብ የወጣ መሆን አለበት። ግብር ፍራቻ ሁለት ዓይነት መዝገብ የሚይዝ ነጋዴ ለዕቅድ የሚሰጠው ቁጥር ሐሰት ይሆናል፤ በሐሰት ቁጥር ላይ የታቀደውም ዕቅድ ተመልሶ እርሱኑ ይጎዳል።

ሦስተኛ፥ የቀረበልንን ቁጥር ያህል በሙሉ በአንድ ጊዜ አንግዛ። በዝቅተኛው ቁጥር ልክ ገዝተን፥ የቀረውን ከአከፋፋዩ ጋር በቃል ሳይሆን በውል ተስማምተን፥ ተማሪው መግባቱ ሲታወቅ ማስጫን ይሻላል። ትርፉ ጥቂት ያንስ ይሆናል፤ ገንዘቡ ግን አይታሰርም።

አራተኛ፥ ለአቅራቢ የሚከፈለው ገንዘብ በጊዜው እንዲከፈል በዕቅዱ ውስጥ ይግባ። እኛ አንድ ጊዜ ለአንድ መሥሪያ ቤት እህል አቅርበን ክፍያውን ለማግኘት 9 ወር ተመላልሰናል። ተጠያቂው ማን እንደሆነ በጠየቅን ቁጥር የሚሰጠን መልስ ሲስተሙ አልፈቀደም የሚል ነበር። ሲስተም የሚባል ሰው ግን በቢሮው ውስጥ አላገኘንም። ስለዚህ ከሁሉ በላይ የምንጠይቀው ይህ ነው፤ መሣሪያው ይምከር፥ ውሳኔውን ግን ስሙን ጽፎ የሚፈርምና ሲሳሳት የሚጠየቅ ሰው ይወስን።

እኔ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በጨረስሁ ጊዜ በወልድያ ዩኒቨርስቲ አልነበረም፤ ነጥብ ያመጣ ወደ ሩቅ አገር ይሄድ ነበር፤ ያላመጣም እንደ እኔ መዝገብ ይይዝ ነበር። ዛሬ ልጆቻችን ከደጃችን ዩኒቨርስቲ አላቸው። ይህ ዩኒቨርስቲ አዲሱን ጥበብ ፈርቶ ቢቀር ልጆቻችን ከዘመኑ ይቀራሉ፤ ሳይመረምር ቢያምነው ደግሞ እነርሱም እኛም የስሌት ስሕተት ተሸካሚዎች እንሆናለን። መካከለኛው መንገድ መሣሪያውን እንደ ትጉህ መዝገብ ያዥ ተጠቅሞ፥ የሐጂን ጥያቄ ሳይረሱ መኖር ነው።

ያ ብርድ ልብስ ሁለት ክረምት ቆይቶ በግዢው ዋጋ ተሸጦ አለቀ። ከዚያ ወዲህ በምይዘው መዝገብ ላይ ከቀን፥ ከዕቃ፥ ከብዛትና ከዋጋ ቀጥሎ አንድ ዓምድ ጨምሬአለሁ፤ ርእሱም «ምክንያት» የሚል ነው። ሽያጭ ሲጨምር ወይም ሲቀንስ ለምን እንደሆነ በአንድ መስመር እጽፍበታለሁ። ነጋድያን ወንድሞቼና እኅቶቼም ይህን ዓምድ በየመዝገባችሁ እንድትጨምሩ አደራ እላለሁ። የዩኒቨርስቲው የዕቅድ ሰዎች አንድ ቀን ከነመሣሪያቸው ወደ እኛ መጥተው ቢጠይቁን፥ ልንሰጣቸው የምንችለው ከሁሉ የሚበልጥ ነገር በዚያ ዓምድ የተጻፈው ነው።